የገና ዋዜማ ገበያና የሰላምታ ነገር



በዚህች ጽሑፍ ስለ ቅዱሳት መካናት አንጽፍም። ስለ እነርሱ ባለፉት እትሞች ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። ዛሬ የምንጽፈው ከደብረ ገነት በር ወጥተን ስንቅ ልንሸምት ስለምንገባበት ሱፐርማርኬት፣ በዚያም ከገንዘብ ተቀባዩ፣ ከጥበቃው፣ መደርደሪያ ከሚሞላው ሠራተኛ ጋር ስለምንለዋወጠው ቃል ነው። ጉዳዩ ለገዳም መጽሔት ያንሳል የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. የገና ዋዜማ እስኪሆን ድረስ።

ነገሩ ለእንግዳ አንባቢ እንዲገባ አስቀድመን የሀገሩን ጠባይ እንናገር። ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያናችን ባለችበት በኢየሩሳሌም ምዕራባዊ ክፍል ገና በዓል አይደለም። በዚያ ዓመት ላቲኖቹ ታኅሣሥ 16 ቀን ልደትን አከበሩ። እኛ ከግሪኮች፣ ከሶርያውያንና ከግብጻውያን ጋር ታኅሣሥ 29 ቀን አከበርን። አርመኖቹ ደግሞ እንደ ጥንት ልማዳቸው ልደትንና ጥምቀትን አንድ አድርገው፣ የእኛ ጥምቀት በሚውልበት በጥር 11 ቀን በቤተ ልሔም አከበሩ። በእነዚህ ቀኖች ሁሉ እዚህ አውቶቡሱ ይሄዳል፣ ባንኩ ይሠራል፣ ሱፐርማርኬቱም እንደ ወትሮው ክፍት ነው፤ አብዛኛው ነዋሪ አይሁዳዊ ነውና። ይሁን እንጂ ዓርብ ሁሉ በዚህ ከተማ እንደ ገና ዋዜማ ነው። ሰንበታቸው ዓርብ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል፤ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ መደብሮቹ ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ሽንኩርት የሚሸጥ አይገኝም። ስለዚህ ዓርብ ረፋዱ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ሽማግሌዎች በምርኩዝ፣ ወጣቶች ስልካቸውን በትከሻና በጆሮ መካከል ይዘው፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነውን የሰንበት ዳቦ ለመያዝ ይጋፋሉ።

በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29 ቅዳሜ ዋለ። ዋዜማው ዓርብ ነበር ማለት ነው። የእነርሱ የሰንበት ግርግርና የእኛ የገና ግርግር በአንድ ቀን፣ በአንድ ደጃፍ ተገናኙ። ወደ ቤተ ልሔም የምንወርደው በዚያው ቀን ነበር፤ ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላም ለሠላሳ ያህል ተሳላሚ ጾም የሚገደፍበት ማዕድ መዘጋጀት ነበረበት። እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ዘይቱ፣ ዱቄቱ፣ ሻማው ገና አልተገዛም። እኛና ሁለት እናቶች ሦስት ሆነን ጋሪ እየገፋን ገባን።

ከሁለቱ አንዷ ከሀገር ቤት የመጡ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ለዚህ ጉዞ ስድስት ዓመት ዕቁብ የጣሉ እናት ናቸው። ስማቸውን አንጽፍም፤ ታሪኩን እንድንጽፍ ግን ፈቅደውልናል። እንዲያውም «ለሌላው ትምህርት ይሁን» ያሉን እርሳቸው ናቸው።

ገና በሩ ላይ ቅር አላቸው። ጥበቃው ቦርሳቸውን እንዲከፍቱ ጠየቃቸው። «ሳልገባ ሌባ አደረገኝ?» አሉን። ሌብነት ተጠርጥሮ አይደለም፤ ይህች ከተማ በቦንብና በስለት ብዙ ሰው ያጣች ናትና በየመግቢያው የሚፈተሸው ለዚያ ነው። ሚኒስትርም ቢሆን ይፈተሻል፤ እኛም በቆባችንና በመስቀላችን እንፈተሻለን። ጥበቃው በዝናብ ቆሞ በቀን ሺህ ቦርሳ የሚያይ ሰው ነው። «ሻሎም» ብለው ቦርሳዎን ከፍተው ቢያሳዩት ምን ያህል ደስ እንደሚለው ብዙ ጊዜ አይተናል። ይህ ቃል ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የእነርሱ ሻሎም፣ የዐረቦቹ ሰላም፣ የእኛ ሰላም አንድ ሥር ያለው ቃል ነው፤ ያልተማረ ሰው እንኳ ይህን ሰላምታ ሳይቸገር ይለዋል።

ቀጥሎ የጋሪው ነገር አለ። ጋሪው ከሰንሰለቱ እንዲለቀቅ ሳንቲም ይጎርሳል፤ ሲመልሱት ሳንቲሙን ይተፋል። ይህን የማያውቅ ተሳላሚ ሲታገል፣ ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም መጥቶ በዚያ የሚሠራ አንድ የዐረብ ወጣት ሳይጠየቅ ከራሱ ኪስ ሳንቲም አውጥቶ ሲከፍትለት አይተናል።

ጾም ላይ ሆኖ ለሚሸምት ሰው ይህ ሀገር አንድ ትልቅ ምቾት አለው። አይሁድ ሥጋና ወተት ስለማይቀላቅሉ፣ ሥጋም ወተትም የሌለበት ምግብ ሁሉ በማሸጊያው ላይ «ፓርቬ» ተብሎ ይጻፍበታል። ለእኛ ጾመኞች ግማሽ መንገድ ነው። ግማሽ ያልነው እንቁላልና ዓሣ በእነርሱ ሕግ ፓርቬ ስለሚባሉ ነው፤ ብስኩቱ ፓርቬ ሆኖ እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ስትጠይቁ ግን «ጾም ላይ ነን» አትበሉ። ለአይሁዳዊ ጾም ማለት እህልም ውኃም አለመቅመስ ነውና «ታዲያ ለምን ትሸምታላችሁ?» ይላችኋል። አንዲት እናት እንዲህ ተብለው ተቀይመው ተመልሰዋል። ሠራተኛው አላፌዘም፤ ግራ ገብቶት ነው። «እንቁላል አለበት ወይ?» ማለት ይበቃል።

የፋሲካ ተሳላሚዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል፤ እግረ መንገዳችንን እናንሣው። የእኛ ትንሣኤ ከአይሁድ ፋሲካ ሳምንት ጋር ሲገጥም፣ እርሾ የገባበት ነገር ሁሉ በሱፐርማርኬቱ በላስቲክ ይሸፈናል። ሽፋኑን ገልጦ ብስኩት ያወጣ ተሳላሚ ነበረ። ገንዘብ ተቀባዩ ልሽጥ ቢልም መሣሪያው አይቀበለውም፤ ሕግ ነው። በዚያ ሳምንት ዳቦ የሚፈልግ ወደ አሮጌው ከተማ ወደ ክርስቲያን ሰፈር ይሂድ። በዚያ ሱቆች ዋጋ መከራከርም ወግ ነው፤ ባለሱቁ ሻይ አቅርቦ ሊከራከራችሁ ይችላል። በሱፐርማርኬት ግን ዋጋውን የወሰነው ከፊታችሁ የተቀመጠው ሰው አይደለም፤ «ቀንስልኝ» ማለት ከኋላ የቆመውን ማስቆየት ብቻ ነው።

ሌላም አለ፤ ይህኛው እኛን መነኮሳትን ይነካል። ተሳላሚው በመደርደሪያዎቹ መካከል ባየን ቁጥር ጫማውን አውልቆ መስቀል ሊሳለም ይሰለፋል። እምነቱ ያስመሰግናል። ነገር ግን የዘይቱ መተላለፊያ ለሁለት ጋሪ እንኳ ጠባብ ነው፤ ዓርብ ረፋድ በዚያ ዐሥር ሰው ሲያጎነብስ አይሁዳዊቷ እናት ጋሪዋን የት ታሳልፈው? በረከቱ ከበሩ ውጭም አይጎድልም። ጥፋቱ ግን ከተሳላሚው ይልቅ የእኛ ነው፤ መስቀሉን ቶሎ የምናወጣው እኛ ነንና።

አሁን ወደዚያ ዓርብ እንመለስ።

ወረፋው እስከ ዱቄቱ መደርደሪያ ድረስ ረዝሟል። በፊታችን የነበረች ሴት «ከእኔ ቀጥሎ ናችሁ» ብላ ጋሪዋን ትታ ተጨማሪ ዕቃ ልታመጣ ሄደች፤ ይህም የሀገሩ ልማድ ነው፤ ጋሪው ባለቤቱን ወክሎ ይሰለፋል። ቆይተን ቆይተን ደረስን። ገንዘብ ተቀባይዋ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ጠይም ሴት ናት፤ ጸጉሯን በሻሽ አስራለች። ከፊታችን የነበሩትን በዕብራይስጥ ስታስተናግድ ቆየች። ዕቃችንን አንድ በአንድ አሳለፈች፤ እናታችን ሦስት ፌስታል ወሰዱ፤ ሒሳቡ ተነገረ። እናታችን ከገዳሙ የተሰጠንን ዝርዝር እየቈጠሩ ሲያመሳክሩ ሠላሳ አጎራ ትርፍ ተቈጥሮ አገኙ። ሠላሳ አጎራ የአንድ ሰቅል ሦስት ዐሥረኛ ናት። ያን ጊዜ ወደ እኛ ዞሩና ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ በአማርኛ፣ ሴትዮዋን በወገኗ ስም ሰደቧት። ቃሉን እዚህ አንጽፈውም። ቤተ እስራኤል የሚባሉት ወገኖች እንዲጠሩበት የማይወዱት፣ በእኛ ሀገር ግን ለዘመናት የተጠሩበት ስም መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በስሙም ላይ «ሌባ» የሚል ጨመሩበት።

ሴትዮዋ ዓይኗን ከመሣሪያው ሳታነሣ፣ በጥሩ የጎንደር አማርኛ፣ «እማማ፣ የፌስታሉ ሒሳብ ነው። አንዱ ዐሥር አጎራ ነው፤ ሦስት ወስደዋል። ልቀንስልዎት?» አለች።

ነገሩ እውነት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ትላልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ለእያንዳንዱ ፌስታል ዐሥር አጎራ እንዲያስከፍሉ በሕግ ታዘዋል፤ ገንዘቡም ለአካባቢ ንጽሕና የሚውል እንጂ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ኪስ የሚገባ አይደለም። እኛ ይህን እናውቅ ነበር። ለእናታችን ልንነግራቸው ይገባን ነበር፤ አልነገርናቸውም። እናታችን ደንግጠው ዝም አሉ። የእኛ ዝምታ ግን ከዚያ ቀድሞ የጀመረ ነው። ስድቡ ሲነገር ሰምተናል። «ተይ እናቴ» የሚል ቃል ከአፋችን አልወጣም። ሻማ እየቈጠርን ነበርን።

ሴትዮዋ ደረሰኙን ሰጠችን፤ ለሁሉ እንደምትለው ለእኛም «ሻባት ሻሎም» አለችና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

ከኢየሩሳሌም እስከ ቤተ ልሔም ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ መንገድ ላይ አውቶቡሱ ውስጥ መዝሙር ይዘመር ነበር፤ እናታችን በመስኮቱ ጥግ ተከናንበው ተቀመጡ። እኛም ስለ ከተማይቱ ስም እናስብ ጀመር። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በዐረብኛ ግን ያው ቃል ሥጋ ማለት ነው፤ በእኛ በግእዝ ደግሞ ላህም ከብት ነው። በአብያተ ክርስቲያናችንም ለቅዱስ ቍርባን ኅብስቱ የሚዘጋጅበትን ቤት ቤተ ልሔም እንለዋለን። ከዚህች የእንጀራ ቤት ሜዳ ላይ ነው ሞዓባዊቷ ሩት፣ ባዕድ ሆና፣ ቃርሚያ ልትለቅም የወጣችው። የእርሻው ባለቤት ቦዔዝ ከከተማ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም ማለት ነበር፤ እነርሱም በበረከት መለሱለት። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሩት ማንነት የጠየቀው። ሩትንም ማንም እንዳያሳፍራት ጎልማሶቹን አዘዘ።

ይህን ንባብ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ትርጓሜውንም ቀጽለናል። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ግን አንድ ነገር ታየን። ጊዜው የአጨዳ ጊዜ ነበር። በአጨዳ ጊዜ ሰው ሁሉ ይጣደፋል፤ ዝናብ ሳይመጣ፣ ወፍ ሳይበላው፣ ሠራተኛው ሳይደክም መሰብሰብ አለበት። ቦዔዝ «ዛሬ ጥድፊያ ነው፤ ሰላምታው ለሌላ ቀን» ማለት ይችል ነበር። እኛ ግን በዓሉ ደረሰብን ብለን፣ የቦዔዝን ሀገር በዓል ልናከብር ስንጣደፍ፣ የምታስተናግደንን ሴት ሰላም ሳንል ከዚያም አልፎ ስትሰደብ ሰምተን ወጣን። የዳዊት አባቶች ሲቈጠሩ ቦዔዝና ሩት እንዳሉበት፣ ጌታም በሥጋ ከእነርሱ እንደ ተወለደ በዚያች ሌሊት ራሳችን ልናስተምር ተዘጋጅተን ነበር።

የቆሎ ተማሪ ሳለን እንዲህ አልነበርንም። ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግበን፣ በሰው ደጅ ቆመን «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል፣ ውሻው እየጮኸብን ባለቤቲቱ እስክትወጣ እንጠብቃለን። ቁራሽ ብትሰጠን እንመርቃለን፤ «እግዜር ይስጥህ» ብላ ባዶ እጃችንን ብትሸኘንም ፊታችንን ሳናጠቁር ወደሚቀጥለው ደጅ እንሄዳለን። በሰው ደጅ መቆምን የሚያስተምር እንደዚያ ያለ ትምህርት ቤት የለም። በኋላ የምንሸምትበት ገንዘብ በእጃችን ገባ፤ ከደጁም ውጭ መጠበቅ ቀረ፤ በሩ ራሱ ይከፈታል።

ስለ ቤተ እስራኤል ደግሞ የምናውቀውን እንናገር፤ ዝም ብለን ብናልፈው ይህ ጽሑፍ ጎዶሎ ይሆናል። ያደግነው በቤጌምድር ነው። ሸክላውን፣ ማረሻውን፣ ሸማውን የሚሠሩልን እነርሱ ነበሩ። ርስት አልነበራቸውም። የሠሩትን ስንወስድ «ቡዳ ናቸው» እንላለን፤ ልጅ ሲታመም በእነርሱ እናሳብባለን። ይህን ከሌላ ሰው አልሰማነውም፤ በልጅነታችን ከጓደኞቻችን ጋር ሆነን ከኋላቸው ጮኸንበታል። እነርሱም ኦሪትን የሚያነቡት እንደ እኛው በግእዝ ነበር፤ መምህሮቻቸውንም ቄስ ይሏቸዋል። በኅዳር ወር አካባቢ፣ የእኛ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሲል ወይም በገባ ሰሞን፣ ስግድ የተባለውን በዓላቸውን እዚሁ ኢየሩሳሌም ላይ ሲያከብሩ ጃንጥላው፣ ነጭ ልብሱ፣ የግእዙ ንባብ ሁሉ ሀገር ቤት ያለን ያስመስለናል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሠላሳ ስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ከዐሥራ አራት ሺህ የሚበልጡት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ ሲመጡ፣ ብዙዎቹ ከሀገር ያወጡት የለበሱትን ብቻ ነበር። ስሙን ግን እዚያ የተዉት መስሏቸው ይሆናል፤ እኛ በአፋችን ይዘንላቸው መጣን።

በዚህ ከተማ እኛም የምንናቅበት ጊዜ አለ። መስቀላችንን አይተው በመንገድ ላይ የሚተፉ አሉ፤ አንክደውም፤ ያማል። ፊቱን የሚያጠቁር ሠራተኛም አለ፤ ዝርዝሩን በእጅ ከማቀበል በጠረጴዛው ላይ የሚያኖር አለ። በሁለት እጅ ሰጥቶ በሁለት እጅ መቀበል ለለመደ ሰው ይህ ንቀት ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ልማድ ነው፤ አንዳንዱም አጥባቂ ሆኖ የሴትን እጅ ላለመንካት የሚያደርገው ነው። እኛ መነኮሳትስ ተመሳሳይ ሥርዓት የለንም?

በዓሉ ቅዳሜ በደስታ ተከበረ። እሑድ በዚህ ሀገር የሥራ መጀመሪያ ቀን ነው። ገና ሳይነጋ እናታችን ወደ በራችን መጥተው፣ «አባ፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅቱ ዘንድ ይውሰዱኝ» አሉን። ከበዓሉ ዳቦ አንድ ሙልሙል በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ሄድን።

ሴትዮዋ በቦታዋ ነበረች። ያቺ ወንበር እንኳ በሕግ የተገኘች ናት፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 የወጣ ሕግ ገንዘብ ተቀባዮች ተቀምጠው የመሥራት መብት እንዲኖራቸው አድርጓል። እኛም ይቅርታችንን አዘጋጅተን፣ ምንም ሳንሸምት፣ በቀጥታ ወደ መክፈያው ሄድንና መናገር ጀመርን። ቀና ብላ አየችን፤ ከኋላችን የቆሙትን አራት ሰዎችም አየች። «አባ፣ ወረፋ አለ» አለች። «ዕረፍቴ ሲደርስ እወጣለሁ፤ ውጭ ይጠብቁኝ።» ይቅርታ ልንጠይቅ መጥተን እንኳ የሰው ወረፋ ዘግተን ነበር።

በአውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ብርድ ነበር። ጥቂት ቆይታ ቡናዋን በወረቀት ኩባያ ይዛ መጣች። እናታችን ተነሥተው ጉልበቷን ሊይዙ ሲያጎነብሱ በክንዳቸው ያዘቻቸውና፣ «ተዉ እማማ፣ እናቴን ያህላሉ። ሰውም ያያል» አለች። እናታችን አለቀሱ። እርሷ አላለቀሰችም። ስሙን በልጅነቷ ሰፈር ውስጥ ትሰማው እንደ ነበር፣ እዚህም ሌላ ዓይነት ስም እንደ ሰማች፣ እናታችንንም ያንኑ ዓርብ ማታ ይቅር እንዳለቻቸው ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«እርስዎን ግን ብዙ ጊዜ አይቼዎታለሁ» አለች። «በየሳምንቱ ይመጣሉ። እኔ አማርኛ እንደማውቅ እስካሁን አያውቁም ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብለውኝ አያውቁም።»

መነኩሴ ዓይኑን ይጠብቃል፤ ከሴት ጋር ነገር አያበዛም፤ ይህን ልንመልስላት ቃሉ እስከ ጥርሳችን ደርሶ ነበር። ነገር ግን ከክርስቲያን ሰፈር ባለሱቆች ጋር ስለ ሀገሩም ስለ ዓለሙም ስናወጋ የምንቆየውን አስታወስን። የአንዳንዶቹን ልጆች ስም እንኳ እናውቃለን። ስለዚህ አልመለስንላትም። «እውነት ነው» ብቻ አልን። ስንት ልጆች እንዳሏት ጠየቅናት፤ ሦስት ናቸው። ከየት እንደ መጣች ጠየቅናት፤ መንደሩን ነገረችን፤ እኛ ካደግንበት የግማሽ ቀን መንገድ ቢሆን ነው።

እናታችን ጨርቁን ፈተው ሙልሙሉን አቀረቡላት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ ጥቂትም ዝም አለች። «አልበላም እማማ፤ በሃይማኖታችን አይፈቀድልኝም። አይቀየሙኝ» አለች። እኛ ይህን ልናውቅ ይገባን ነበር፤ አባቶቿም በሀገር ቤት ሳሉ ከእኛ ቤት እህል አይቀምሱም ነበርና። እናታችን ግን አልተቀየሙም። ሙልሙሉን መልሰው ጠቀለሉ፤ «ቆይ ልጄ፣ እንዳትሄጂ» ብለው ብቻቸውን ወደ ሱፐርማርኬቱ ተመለሱ።

በመስታወቱ እናያቸው ነበር። ለጥበቃው ቦርሳቸውን ሳይጠየቁ ከፈቱለት፤ ምን እንዳሉት አልሰማንም፤ ጥበቃው ግን ሳቀ። ከፍራፍሬው ዘንድ ብርቱካን እየጨበጡ መረጡ። ወረፋ ቆሙ፤ ከፊታቸው አንድ ወጣት ቦታውን ሊለቅላቸው ቢል በእጃቸው ምልክት አልፈቀዱም። የሴትዮዋ ዕረፍት ሊያልቅ ሲል ወጡ። ስድስት ብርቱካን በፌስታል ይዘዋል። «ይህ ከእናንተው ቤት ነው፤ ይህን ይፈቀድልሻል» አሏት። ሳቀችና በሁለት እጇ ተቀበለች። ደረሰኙ በእናታችን እጅ ቀረ፤ ለእኛ አሳዩን፤ በመጨረሻው መሥመር የፌስታሉ ዐሥር አጎራ ተጽፏል።